በራሷ አንደበት

የእጅ ጽሕፈቴ ቆንጆ ነው። ይህን የምለው ልኩራራ ብዬ አይደለም፤ ስለሚያናድደኝ ነው። በሥራ ዘመኔ የፈጸምኩት በደል ሁሉ በዚያ ቆንጆ ጽሕፈት ተጽፎ፣ ቁጥር ባለው ገጽ ላይ፣ ማህተም አርፎበት ተቀምጧል።

ሮቤ ውስጥ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ቅርንጫፍ የዘር ላቦራቶሪ ሠራተኛ ነኝ። ገበሬው ሊዘራው ያሰበው ስንዴና ገብስ ይበቅል እንደሆነ አስቀድሞ የሚያጣራ ቤት ነው። ከናሙናው አራት መቶ ፍሬ ይቆጠራል፣ አሸዋ በተሞላ ትሪ ላይ መቶ መቶ ሆኖ ይዘራል፣ ስንዴ ከሆነ በስምንተኛው ቀን የበቀለው ተቆጥሮ ውጤቱ ይጻፋል። ሥራዬን እወደዋለሁ። ዘር አያሽሟጥጥም፤ ወይ በቅሏል ወይ አልበቀለም።

ኮሪደር ላይ የምንነጋገረው ግማሹን በኦሮምኛ ግማሹን በአማርኛ ነው። ዋናው መሥሪያ ቤት ግን አዲስ አበባ ስለሆነ ወረቀቱ ሁሉ በአማርኛ ይሄዳል። ከደሴ የመጣሁት እኔ ነኝ፣ ጽሕፈቱም አለኝ፤ ስለዚህ ገና በመጣሁ በዓመቱ ቃለ ጉባኤ ያዥ አደረጉኝ። ማንም አልቀናብኝም። ሰው ሲከራከር ዝም ብሎ የሚጽፍ ሰው ለመሆን የሚሽቀዳደም የለም።

አሁን ያለው አለቃችን የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የሚጮህ አለቃ አይቻለሁ፤ ፋይል የሚወረውርም አይቻለሁ። ይሄኛው እንዲያ አይደለም፤ ያስቃል። ሰው ሲታመም ይጠይቃል፣ ለቅሶ ላይ ከሁሉ ቀድሞ ይገኛል፣ ለሁሉም ቅጽል ስም ያወጣል። የኔ "እመት ፍጹም" ነበር። አንድ ቀን ያልተማመንኩበትን ትሪ ደግሜ ስቆጥር አየኝና "እመት ፍጹም ዛሬም ተጠራጠረች" አለ። ሳቅን። እኔም ሳቅኩ። ሳቄ አሁን ሲታወሰኝ ራሴን በጥፊ ማለት ያምረኛል።

የምኖረው ጎባ ነው። ጠዋት ሚኒባሱ እስኪሞላ መጠበቅ አለ፤ ክረምት ሲሆን ደግሞ ጉሙ መንገዱን ይሸፍነዋል። የሰዓት ፊርማው ወረቀት በአለቃው ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፤ ሁለት ሰዓት ተኩል ሲሆን በቀይ እስክሪብቶ ይሰመርበታል፣ ከመስመሩ በታች የፈረመ አርፍዷል። ከጎባ የምንመጣው ሦስት ነን፣ በአንድ ሚኒባስ። ሁለቱ ከመስመሩ በላይ ይፈርማሉ፤ እኔ ከበታች። አንድ ጠዋት ግቢውን ሳቋርጥ ቀና ብዬ ወደ መስኮቱ አየሁ። ቆሞ ያየኛል። አጠገቤ የነበሩት ወንዶች ፈጠን ብለው ደረጃውን ወጡ፤ እሱ እኔን እያየ እስክሪብቶውን ከኪሱ አወጣ። ስደርስ መስመሩ ገና እርጥብ ነበር። በዓይኔ አይቼ፣ አላየሁም ብዬ ፈረምኩ።

ሌላውም እንደዚሁ ነው። ወደ ገሰራ የመስክ ሥራ ሲኖር ለሁሉም ይነገራል፣ ለኔ መኪናው ከሄደ በኋላ። እንግዳ ሲመጣ የኔ ትሪ ብቻ ተመርጦ በሰው ፊት ይቆጠራል። የጨረስኩት ሪፖርት "ይስተካከል" ተብሎ ለሌላ ይሰጥና ነጠላ ሰረዝ ሳይለወጥ በሌላ ስም ይወጣል። እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ ምንም አይደለም። ለእህቴ በስልክ አንዱን ብነግራት "ቀልድ አታውቂም እንዴ?" አለችኝ። እሷ ምን ታድርግ፤ "መስመር አሰመረብኝ" ብሎ የሚያለቅስ አዋቂ ሰው ያሳፍራል። እኔም አፈርኩና ለማንም መናገር ተውኩ። የዚህ ነገር መርዙ እዚያ ላይ ነው። እያንዳንዷ ነገር ስትነገር የምታስቅ እንድትሆን ተደርጋ ነው የምትቆረጠው።

ቀጥሎ የምናገረው የራሴን ጅልነት ነው፤ ግን የኔ ብቻ አይደለም፣ በመንግሥት ቤት የሠራ ሁሉ ያውቀዋል። በየስድስት ወሩ ግምገማ አለ። ግምገማ ካለ ሂስና ግለ ሂስ አለ። እያንዳንዱ ሰው ይነሳና በመጀመሪያ የራሱን ጉድለት ይናገራል። "ጉድለት የለብኝም" ማለት ነውር ነው፤ ያለ ሰው ትዕቢተኛ ይባላል፣ ከዚያ በኋላ ሁሉም ይዘምትበታል። ስለዚህ እያንዳንዱ ለስብሰባ የሚለብሳት አንዲት ጉድለት አለችው። ሾፌሩ "አንዳንዴ እቸኩላለሁ" ይላል። የንብረት ክፍሉ "በቡድን ሥራ ላይ ይቀረኛል" ይላል። ማንም አያምንበትም፣ ማንም አይሰማውም፤ ሰላምታ ማለት ነው። እኔም በተራዬ ተነስቼ "አንዳንድ ጊዜ ትኩረቴ ይበታተናል፣ ወደፊት አሻሽላለሁ" አልኩ። ተቀመጥኩና ራሴው ጻፍኩት። "ትኩረት" የምትለዋን ቃል በተለይ አሳምሬ እንደጻፍኳት አስታውሳለሁ።

ከወር በኋላ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ። "ሠራተኛዋ በሥራዋ ላይ ትኩረት እንደሚጎድላት በራሷ አንደበት ያመነች በመሆኑ" ይላል። አባሪው የኔው ጽሕፈት ፎቶ ኮፒ ነው። በዚያው ሰሞን ወደ ደሴ ለመዛወር ማመልከቻ አስገብቼ ነበር፤ እናቴ ወገቧን ታማ አልጋ ይዛለች። ማስጠንቀቂያ ያለበት ሰው አይዛወርም። እህቴ ብቻዋን ታገላብጣታለች፣ እኔ በስልክ "አይዞሽ" እላለሁ። አሁን ስለዚህ ጉዳይ ለመጻፍ ስቀመጥ የሚይዘኝ ንዴት ነው እንጂ ሐዘን አይደለም።

ያኔ ግን አልተናደድኩም። አመንኩ። ትሪ ሦስት ጊዜ መቁጠር ጀመርኩ፣ ከዚያ አራት ጊዜ። ቤቴ ገብቼ በሩን መቆለፌን ሁለት ጊዜ እየተነሳሁ አያለሁ። ትኩረቴ እውነትም ተበታተነ። ሰውየው የሌለብኝን ጉድለት በወረቀት ሰጠኝ፣ እኔም ወስጄ በአንድ ዓመት ውስጥ የራሴ አደረግኩት።

ከዚያ ልጅቱ መጣች። የአጋርፋ ገበሬ ልጅ ናት፣ ከዩኒቨርሲቲ በወጣች በዓመቷ፣ በስድስት ወር የሙከራ ጊዜ የተቀጠረች። እኔን "እትዬ" እያለች "እርስዎ" ትለኛለች፤ ጠዋት ገና ከበር "አከም ቡልተን?" እያለች ነው የምትገባው። ቆጠራ ስታስተምሯት አንድ ጊዜ ይበቃታል። በሁለተኛው ወር ከዋናው መሥሪያ ቤት እንግዶች መጡና አለቃው ትሪዎቹን እያሳየ "ይህ ዘጠና አራት በመቶ በቅሏል" አለ። እሷ ከኋላ፣ ያለ ምንም ተንኮል፣ "ሰማንያ ሰባት ነው ጋሼ፤ ዛሬ ጠዋት ቆጥሬዋለሁ" አለች። እንግዶቹ ሳቁ። እሱም ሳቀ፣ ትከሻዋንም መታ መታ አደረጋት። እኔ የዚያን ሳቅ ትርጉም ከማንም በላይ ማወቅ ነበረብኝ።

በማግስቱ "ፕሮፌሰሯ" ሆነች። በሳምንቱ የምትቀመጥበት በርጩማ ለሌላ ክፍል ተፈለገ ተብሎ ተወሰደና ቀኑን ሙሉ ቆማ መቁጠር ጀመረች። ቆጥራ ስትጨርስ አለቃው ይመጣና "ፕሮፌሰር፣ እስቲ እኔ ፊት ድገሚልኝ" ይላታል፤ እጁን ኪሱ ከትቶ፣ እያዜመ፣ መቶውን ፍሬ እስክትጨርስ ከራሷ በላይ ይቆማል። ምሳ ከኛ ጋር መብላት ተወች። አንድ ከሰዓት በኋላ ትሪ ማጠቢያው ጋ ብቻችንን ሆነን "ማል ጎዼ እትዬ? ምን አድርጌ ነው?" አለችኝ።

ምን አልኳት? "ቀልዱን ልመጂው፤ ሰውዬው ጠባዩ ነው" አልኳት። አፌ ይቆረጥ። እህቴ ለኔ ያለችኝን፣ ስሰማ ያቃጠለኝን ያንኑ ነገር፣ ዓይኔን ሳላሽ ለልጅቱ አቀበልኳት።

የሙከራ ጊዜዋ ሊያልቅ ሲል ግምገማ ተጠራ፤ ዓርብ ነው የተባለው። ማክሰኞ ዕለት አለቃው ቢሮው አስጠራኝና በራሱ ጽሕፈት የተጻፈች ግማሽ ወረቀት ሰጠኝ። "ዓርብ ጊዜ እንዳናባክን አስቀድመሽ ደብተሩ ላይ አስገቢያት" አለኝ። አነበብኩት። "ሠራተኛዋ በሥራዋ ላይ ትኩረት እንደሚጎድላትና ስህተት እንደምትደጋግም በራሷ አንደበት አምናለች።"

"ስብሰባው እኮ ገና ነው" አልኩት። "ባትልስ?"

ሳቀ። "ትላለች። ሁሉም ይላል። አንቺም ብለሻል።"

እንዴት ከቢሮው እንደወጣሁ አላስታውስም። መዝገብ ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁና ደብተሩን ወደ ኋላ መግለጥ ጀመርኩ። የኔን ገጽ አገኘሁት። ከሱ በፊት ያለውን ገለጥኩ። የጊኒር ሰው የሆኑ፣ ጸጉራቸው የሸበተ አንጋፋ የሰብል ባለሙያ ነበሩን፤ ከኔ በፊት የቀልዱ ባለተራ እሳቸው ነበሩ። "ሽማግሌው ነቅተዋል ወይስ ተኝተዋል?" እያለ ያስቀን ነበር። "አቅም እያነሰኝ ነው፣ ወጣቶቹ ይብለጡኝ" ብለው በትህትና የተናገሩት "የመሥራት አቅም እንደሌላቸው በራሳቸው አንደበት አምነዋል" ተብሎ ተጽፏል። ጡረታቸው ሁለት ዓመት ሲቀረው ለቀው ሄዱ። የጻፍኩት እኔ ነኝ። ያን ዕለት ማታ መንገድ ላይ አግኝቻቸው "አይዞዎት" ብያቸው ነበር። አዎ፣ ጽፌ ስጨርስ አይዞዎት አልኳቸው!

ሦስት ሰው፣ አንድ ዓረፍተ ነገር፣ አንድ ጽሕፈት። ስንት ሌሊት ራሴን የመረመርኩበት፣ በር ደጋግሜ የከፈትኩበት፣ ፀባዬ ነው ወይ ዕድሜዬ ነው ብዬ የተጨነቅኩበት ነገር የሰውየው የአሠራር ዘዴ ነበር። መጀመሪያ በቀልድ ያሳንስሃል፣ ቀጥሎ ለብቻህ ያደርግሃል፣ ከዚያ ባህላችን ያስተማረህን ትህትና ይጠብቅና በራስህ ቃል ያንቅሃል። እኔ ደግሞ ገመዱን በቆንጆ ጽሕፈት እፈትልለታለሁ። ደሜ ፈላ። ዓመታት ዘግይቶ ነበር የፈላው፤ ግን ፈላ።

ያኔ ያስፈራኝ ልጅቷ ከሥራ መባረሯ ብቻ አልነበረም። እሱ ቢሆን ገና ልጅ ናት፣ ሌላ ትፈልጋለች። የፈራሁት ጉድለቱን እውነት ነው ብላ አምና እንዳትሄድ ነው። ወይ ደግሞ አምና እንዳትቀር፣ እንደ እኔ።

ሐሙስ ዕለት ከግቢው በስተኋላ ጠርቼ "ነገ 'ጉድለት የለብኝም' በይ" አልኳት። ዓይኗ ፈጠጠ። "እትዬ፣ ነውር አይሆንም? አለቃችን እንኳን ጉድለታቸውን ሲናገሩ እኔ የትናንቷ... አባቴ ቢሰማ ያፍርብኛል።" ለመንኳት። ግማሽ ወረቀቷን አላሳየኋትም፤ ፈራሁ። ይህንንም እዚህ ላይ መጻፍ አለብኝ፣ ፈርቼ ነው።

ዓርብ ዘጠኝ ሆነን ተቀመጥን። ሾፌሩ ቸኮለ፣ የንብረት ክፍሉ በቡድን ሥራ ቀረው። ልጅቷ ተነሳች። እጇን እርስ በርስ አጣምራ መሬት መሬት እያየች "እንግዲህ እኔም እንደ ማንኛውም ሰው፣ ጉድለት አይጠፋብኝም፣ አንዳንድ ጊዜ..." ስትል እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

"ይህን አልጽፍም" አልኩ።

"እመት ፍጹም ዛሬ ደክሟታል" አለ አለቃው። ሳቁ። ያን ጊዜ ግማሽ ወረቀቷን አውጥቼ ጮክ ብዬ አነበብኳት። "ይህ የተሰጠኝ ማክሰኞ ነው። ልጅቷ የምትናገረው ዛሬ ዓርብ ነው" አልኩ። ቀጥዬ የሽማግሌውን ገጽ አነበብኩ። ቀጥዬ የኔን።  አንድም ሰው ቀና አላለም። አለቃው "ረቂቅ እኮ ነው፣ አሠራር ነው፣ ለምን ነገር ይጋነናል?" አለ። እስክሪብቶዬን አነሳሁና ያንን ጻፍኩ። ማክሰኞ የሰጠኝን፣ "ትላለች፣ ሁሉም ይላል" ያለውን፣ አሁን ያለውን፣ አንድ ቃል ሳላጎድል። ልጅቷ "ጉድለት የለብኝም" አለች፤ ድምጿ አልተሰማም ማለት ይቻላል፣ እኔ ግን ሰምቻለሁና ጻፍኩት።

ደብተሩ ለፊርማ ዞረ። ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ፈረሙ። ደፍረው እንዳይመስላችሁ፤ ሳያነቡ ነው። ስብሰባው አልቆ ቶሎ ለመውጣት ቸኩለው፣ ሁልጊዜ እንደሚፈርሙት፣ የሽማግሌውን ሲፈርሙ እንዳላነበቡት፣ የኔን ሲፈርሙ እንዳላነበቡት። ገጹ ቁጥር አለው፣ ማህተም አለው፣ አይቀደድም፤ የሙከራ ጊዜ ውሳኔ ያለ ቃለ ጉባኤ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት አይሄድም። ሄደ። ከሳምንታት በኋላ የልጅቷ የቋሚነት ደብዳቤ መጣ። አለቃው ካለበት አልተነቃነቀም፤ አንድም የጠየቀው የለም።

በዚያ ሰሞን ባልደረቦቼ አንድ በአንድ፣ በሩን ገርበብ እያደረጉ፣ ላቦራቶሪው ድረስ መጡ። "አንጀቴን አራስሽው!" ይሉኛል በሹክሹክታ። የናንተን አንጀት ማራስ መቼ ሥራዬ ሆነ? ስብሰባው ላይ ስምንት አፍ ነበር። ለአንዱም አመሰግናለሁ አላልኩም፤ ቂመኛ ናት ብለው አሙኝ መሰለኝ፣ ይበሉ።

እኔን ከቃለ ጉባኤ አነሱኝ። "ሥራ በዝቶብሻል፣ እረፊ" ተባልኩ። ደብተሩን ለልጅቷ ሰጧት፤ አሁን ቋሚ ናት፣ አማርኛዋም ጥሩ ነው። በርጩማዋም ተመለሰች። "ፕሮፌሰሯ" የሚለው ስም ቀርቶ "ልጄ" ሆነች። ደስ አለኝ። እውነቴን ነው፣ የዋህነት ይሁን ምን አላውቅም፣ ደብተሩ ደህና እጅ ገባ ብዬ ደስ አለኝ።

ከስድስት ወር በኋላ ግምገማ ሆነ። ተራዬ ሲደርስ ተነስቼ "ጉድለት የለብኝም። ያየብኝ ካለ በማስረጃ ይንገረኝ" አልኩና ተቀመጥኩ። አንድ ሰው ሳለ።  ደብተሩ ለፊርማ እኔ ጋ ሲደርስ አነበብኩት፤ እኔ አሁን አነባለሁ። "ሠራተኛዋ ከሥራ ባልደረቦቿ ጋር ተግባብታ ለመሥራት እንደምትቸገር በራሷ አንደበት አምናለች" ይላል። ጽሕፈቱ ደቃቅና ንጹህ ነው። ከስሜ ትይዩ "ይህን አላልኩም" ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። ልጅቷ መስኮቱን ታያለች።

ሰዉ ሲበተን ኮሪደር ላይ ደረስኩባት። በየክፍሉ የገቡት ሰዎች በሮቻቸውን ገና አልዘጉም ነበር።

"ወረቀቱን መቼ ነው የሰጠሽ?" አልኳት።

"ረቡዕ ሰጡኝ" አለች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። "እትዬ፣ ምን ላድርግ? ገና ቋሚ መሆኔ ነው። ታናናሾቼን የማስተምር እኔ ነኝ። ይቅር ይበሉኝ።"

"ይቅርታሽን አልፈልግም! ያልኩትን እንድትጽፊ ነበር የፈለግሁት፤ ሌላ ምንም።"

 ከዚያ ቀና ብላ፣ ስድብ ሳይሆን እውነተኛ ጥያቄ አድርጋ፣ "እርስዎስ እትዬ? ያን ሁሉ ዓመት የሰውን ሲጽፉ ማን 'ተዉ' አለዎት?" አለችኝ።

"ማንም!" አልኩ። ጮህኩ፣ እንዲሰሙኝ ብዬ ነው የጮህኩት። "ማንም አላለኝም! አንድም ሰው! ለዚህ ነው እኔ ለአንቺ የምልሽ!"

በኮሪደሩ ግራና ቀኝ በሮቹ አንድ በአንድ ሲዘጉ ሰማሁ።